ሁለቱን ካልሲ አንድ ላይ ጀምሩ

(ደሴ ላይ የእጅ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች በተሰበሰቡበት የተናገርኩት ነው። ከቃል ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ብዙም አልነካካሁትም።)

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ዋላችሁ?

ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይደርሳችኋል? ይሄ ማይክ ከእኔ በላይ መናገር ይወዳል። ካስቸገረን እንተወዋለን። ገበያ ላይ ያደግኩ ሴት ነኝ፣ ድምፅ አላጣም።

ከለጋምቦ፣ ከተንታ፣ ከደላንታ፣ ከወረኢሉ የመጣችሁ እንኳን በሰላም መጣችሁ። የደሴዎቹም እንኳን ደህና መጣችሁ። የጉጉፍቱን ብርዳም ደጋ አቋርጦ ለመጣ ሰው ስለ ካልሲ ጥቅም መስበክ ነውር ነውና እሱን ዘልዬዋለሁ።

ወንዶችም አያለሁ። እሰይ! ወንድ ልጅ ኪሮሽ ያዘ ብሎ የሚስቅ ካለ፣ የለበሰውን ጋቢ ማን እንደሸመነው ይጠይቅልኝ።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ሁለት ካልሲ፣ በአንድ ባለገመድ የሹራብ መሥሪያ ኪሮሽ፣ በአንድ ጊዜ። ለምን፣ እንዴት፣ በምን ክር። በእነዚህ ሦስት እከፍለዋለሁ። «እንዴት» ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የመጣችሁትም ለሱ ነው።

እሺ። ለምን?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ አንድ እግሩ ብቻ ያለቀ ካልሲ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አትፈሩ፣ ባላችሁ አላየም። አያችሁ? እማማ፣ እርስዎም? ከአዳራሹ ግማሹ እኮ ነው!

ይሄ ስንፍና ነው? እኔ አይመስለኝም። የመጀመሪያውን እግር ስንጀምር ጉጉት አለ። ተረከዙ እንዴት ይዞር ይሆን? ልኩ ይመጣ ይሆን? ክሩ ይበቃ ይሆን? ካልሲው ሲያልቅ ጥያቄው ሁሉ ተመልሷል። ለሁለተኛው የተረፈው ድካሙ ብቻ ነው። መልሱን ያወቀ ሰው ደግሞ ያንኑ ጥያቄ መልሶ መጠየቅ አይወድም። ስለዚህ ካልሲው ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ክሩ ለሌላ ይውላል፣ ክረምት ይመጣል፣ ልጅ ያድጋል።

ሌላው ምክንያት እጅ ነው። እጅ በየቀኑ አንድ አይደለም። ልጅ አሞብን የሠራነው ይጠብቃል። ቡና ላይ፣ በሳቅ በጨዋታ የሠራነው ይላላል። አንዱን እግር በጥቅምት፣ ሌላውን በጥር የሠራ ሰው በአንድ እጅ አልሠራም።

ሰኞ ገበያ አጠገቤ የምትሸጥ አንዲት እህት ነበረች። እጇ ወርቅ ነው። አንድ ቀን ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከደጋ መጡ። ካልሲዋን አነሱ። ዋጋ አልጠየቁም። ሁለቱን መርገጫ ለመርገጫ ገጠሙና ወደ ብርሃን ያዙት። አንደኛው በአንድ ጣት ይበልጣል። «ልጄ፣» አሉ፣ «እነዚህ ታላቅና ታናሽ ናቸው። የኔ እግሮች ግን በአንድ ቀን ነው የተወለዱት።» አስቀመጡትና ሄዱ። እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ብሩ ግን ከአዛውንቱ ጋር ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ገዢ ሁሉ እንደሳቸው እንደሚያደርግ አየሁ። መጀመሪያ ይገጥማል፣ ቀጥሎ ዋጋ ይጠይቃል። እናንተም ስትገዙ ታደርጉታላችሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ስትሠሩ ግን የተናደዳችሁበት ዙር ሁለቱም ላይ አለ። የሳቃችሁበትም ሁለቱም ላይ አለ። ቢጠብም እኩል ይጠባል፣ ቢሰፋም እኩል ይሰፋል። ስንት ዙር እንደሠራችሁ ወረቀት ላይ መጻፍም ቀረ። እዚህኛው ላይ የሠራችሁትን እዚያኛው ላይ ወዲያው ትሠሩታላችሁ።

አንድ ነገር ግን አልዋሻችሁም። ይፈጥናል ብሎ የነገራችሁ ካለ አትመኑት። የምትሠሩት የክር ቀለበት ብዛት ያው ነው፤ ማንም አልቀነሰላችሁም። እንዲያውም መጀመሪያ ላይ የሚያድግ አይመስልም። ሌላዋ ጎረቤታችሁ አንድ ካልሲ ጨርሳ ስታሳያችሁ እናንተ ገና ግማሽ ላይ ናችሁ። አብሽሩ። የእናንተ ሲያልቅ በቃ አለቀ፤ የሚቀራችሁ ሌላ እግር የለም።

ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ለንደን ያለው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ከግብፅ የተገኘ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ። የተሠራው ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። የተገኘውም ኦክሲሪንከስ ከምትባል ጥንታዊ ከተማ ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች በአንድ መርፌ ነው የሠሩት፤ የዛሬው ዓይነት የሹራብ አሠራር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አውራ ጣቱ ለብቻው ተከፍሎ ተሠርቷል። ለምን ይመስላችኋል? ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲለበስ ነው። ካልሲ አጥልቆ ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው አይታችሁ የምትስቁ ወጣቶች፣ ሰምታችኋል? ከ1,500 ዓመት በላይ የቆየ ወግ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ካልሲው ጥንድ ነው። ሁለቱም እግር አለ! ይህን ሁሉ ዘመን አልተለያዩም። የኛ ከሣጥን እስከ አልጋ ሥር መድረስ አቅቶት ይጠፋል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። እንዴት?

ከመሣሪያው ልጀምር። ባለገመድ ኪሮሽ ማለት ሁለት አጫጭር ጫፎች፣ በመሃላቸው ደግሞ ቀጭን የሚተጣጠፍ ገመድ ያለው ነው። አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1918 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ወጥቶበታል። ካልሲ ግን በአብዛኛው የሚሠራው ሁለት ጫፍ ባላቸው አራት ወይም አምስት አጫጭር ኪሮሾች ነበር። ዛሬም ከመሃላችሁ በዚያ የሚሠራ አለ። ለአንድ እግር ግሩም ነው። በዚያ ላይ ሁለት ካልሲ አንድ ላይ ልሥራ ካላችሁ ግን ጃርት አቅፎ መቀመጥ ነው።

ስትገዙ ርዝመቱን ጠይቁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሳንቲ ሜትር ይሁን። 80 ለአንድ ካልሲ ይበቃል፣ ለሁለት ግን ይጨናነቃል። 60ውን ለዚህ ሥራ አትግዙ፤ ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁም ያው አይደለም። ውፍረቱ ለፋብሪካ ቀጭን ክር ከ2 ሚሊ ሜትር ተኩል አይበልጥ። በእጅ ለተፈተለ ወፍራም ክር 3 ወይም 3 ተኩል ደግ ነው። ከዚያ ገመዱና ጫፉ የሚገናኙበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳስሱ። ጥፍር ከያዘ ክርም ይይዛል።

ይህን ያስተማረኝ አንድ ተማሪዬ ነው፣ የኩታበር ልጅ። ኪሮሽ መግዣ አጣ። ከተሰበረ ጃንጥላ ሁለት ሽቦ አወጣ። ጫፍ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሳለው። በመሃሉ የጉሉኮስ ቱቦ ገጠመበት። ሠራ? አዎ ሠራ! ግን ቱቦው ከሽቦው ይወፍራል። ክሩ መጋጠሚያው ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ልጁ በየዙሩ፣ እያንዳንዷን ዓይን በጥፍሩ እየገፋ አሻገራት። ካልሲውን ጨርሶ ለእናቱ አለበሰ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፣ መከራውን ግን ለማንም አልመክርም። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ ኪሮሽ ግዙና በተራ ሥሩ። ዕቁብ ለዚህም ይሆናል።

አሁን እንቁጠር። ኪሮሹ ላይ የምትቀመጠውን እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዓይን» ነው የምላት። የእግራችሁን ሰፊ ቦታ ዙሪያውን ለኩ። 22 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ካልሲ እግርን ያዝ ማድረግ አለበት፤ ስለዚህ ከአሥር አንዱን ቀንሱ። ወደ 20 ይወርዳል። በዚያው ክር፣ በዚያው ኪሮሽ፣ መዳፍ የምታህል ሙከራ ሥሩና በ1 ሳንቲ ሜትር ስንት ዓይን እንደገባ ቁጠሩ። በእጅ የተፈተለ ወፍራም ክር 2 አካባቢ ይገባል። 20 ጊዜ 2፣ 40 ዓይን። ቀጭን የፋብሪካ ክር 3 ይገባል። 60 ዓይን ሆነ ማለት ነው። ሙከራውን የምትዘሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ካልሲው ለጎረቤት ልጅ ልክ ሲሆን ያኔ ታስታውሱኛላችሁ።

የሚጀመረውስ ከየት ነው? ከላይ ከአንገቱ ጀምሮ ወደ ታች የሚወርድ አሠራር አለ፤ እሱም ደግ ነው። እኔ ግን ከጣት ነው የምጀምረው። ለምን? ከላይ ጀምራችሁ ክሩ ጣቱ ላይ ቢያልቅ ምን ታደርጋላችሁ? ጣት የሌለው ካልሲ ማን ይገዛል? ከጣት ከጀመራችሁ የሚያጥረው አንገቱ ነው። አጭር ካልሲ ይሸጣል። ክር እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ክሩንም አስቀድማችሁ ለሁለት ክፈሉ። በግምት አይደለም፣ በሚዛን። የአዋቂ ሰው ጥንድ በቀጭን ክር 100 ግራም፣ በወፍራም 150 ግራም አካባቢ ይፈጃል። 150 ካላችሁ፣ 75 እና 75 አድርጋችሁ ሁለት ልቃቂት ጠቅልሉ። ሚዛን የለኝም እንዳትሉኝ። በርበሬ የምትሸጥላችሁ ሴትዮ አላት። ሳህኑን መጀመሪያ ጥረጉት ብቻ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክሩ ሁለት ቀለም ያዙ። ቀይና ነጭ ይሁን። ማንም ባይገዛው እናንተ ትለብሱታላችሁ።

ሁለቱን ጫፎች አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አድርጋችሁ ጎን ለጎን ያዙ። ቀዩን ክር አንዴ በላይኛው፣ አንዴ በታችኛው ላይ እየጠመጠማችሁ 8 ከላይ፣ 8 ከታች አስገቡ። ቀዩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉት። አሁን በነጩ ክር እንዲሁ፣ 8 ከላይ፣ 8 ከታች። ምን አገኘን? ላይኛው ላይ የሁለቱም ካልሲ የእግር ጀርባ አለ። ታችኛው ላይ የሁለቱም መርገጫ አለ። ነጩ ጫፉ አጠገብ ነው፣ ቀዩ ከሱ ኋላ።

የታችኛውን ጫፍ ሳቡትና መርገጫዎቹ ገመዱ ላይ ይረፉ። ነፃ በወጣው ጫፍ ላይኞቹን ሥሩ። የነጩን ጀርባ በነጭ ክር። ነጩን ክር ተዉት። የቀዩን ጀርባ በቀይ ክር። መስመሩ አለቀ። አዙሩ። አሁን ፊታችሁ ያለው የቀዩ መርገጫ ነው። እሱን በቀይ። ቀጥሎ የነጩን መርገጫ በነጭ። አዙሩ። አንድ ዙር ሞላ፣ በሁለቱም ላይ!

እስቲ አብራችሁኝ በሉ። ነጭ፣ ቀይ፣ አዙሩ። ቀይ፣ ነጭ፣ አዙሩ። ወንዶች አልሰማኋችሁም! ነጭ፣ ቀይ፣ አዙሩ። ቀይ፣ ነጭ፣ አዙሩ። ጎበዞች። ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም።

ቡና ሲጠራ፣ አዛን ሲል፣ ደወል ሲሰማ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ዙሩን ጨርሱ። በነጭ ጀምሮ በነጭ ያልቃል። መሃል ላይ ጥላችሁት ከተነሣችሁ፣ ስትመለሱ የቱ ሲሠራ እንደነበር ለማወቅ ሁለት ሲኒ ቡና ይፈጃል።

አሁን ሰው የሚቸገርባቸውን ልንገራችሁ። ቀዩን በነጭ ክር ሠራችሁ እንበል። ሁለቱ ካልሲዎች ተሰፉ ማለት ነው! ሁለት ቀለም ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። ወዲያው ታዩታላችሁ። አንድ ዓይነት ቀለም ቢሆን ግን ብዙ ከሄዳችሁ በኋላ ነው የምትነቁት፤ ያኔ መፍታት ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም። ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አታዙሩ። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ። ያለዚያ ሁለቱ ክሮች ይገመዱና ከሥራው ይልቅ ፍቺው ጊዜ ይበላል። አንዱ ልቃቂት በቀኝ ጉልበት በኩል፣ ሌላው በግራ በኩል፣ በየፌስታላቸው ይቀመጡ። ሌላው ጎኑ ላይ የሚወጣው ክፍተት ነው። ካዞራችሁ በኋላ የመጀመሪያዋን ዓይን ሥሩና ክሩን ጠበቅ አድርጉ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። ይጠፋል።

ጣቱን ለማስፋት አንዱን ዙር ዝም ብላችሁ ሥሩ፤ በቀጣዩ ዙር በጀርባውም በመርገጫውም ግራና ቀኝ አንድ አንድ ዓይን ጨምሩ። በእያንዳንዱ ካልሲ 4 ተጨመረ። ከ16 ተነሥታችሁ ስድስት ጊዜ ስትጨምሩ 40 ይገባል። ከዚያ ሳትጨምሩ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። እዚህ ላይ ጭንቅላት አያስፈልግም፤ ወሬ ይዛችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ተረከዝ። እህ፣ ዝም አላችሁ! ተረከዝ ሲባል ሁሉም ዝም ይላል። ከእግሩ ርዝመት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲቀር መዞር አቁሙ። ሁለቱ ካልሲዎች ለየብቻ የሚሠሩት እዚህ ብቻ ነው። የአንዱን ተረከዝ እስከ መጨረሻው ሥሩ፣ ከዚያ የሌላውን። የ20ዎቹን የመርገጫ ዓይኖች ብቻ ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ተመላለሱ። በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ዓይን እየተዋችሁ ተመለሱ። በዚህ ወገን 7፣ በዚያ ወገን 7፣ መሃል ላይ 6 እስኪቀር። ከዚያ የተዋችኋቸውን በየመስመሩ አንድ አንድ እያነሣችሁ መልሱ። ጨርቁ ራሱ ይጎብጥላችኋል። ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ እንዳይቀር አጠገብ ካለው ክር አንድ አንሡና አብራችሁ ሥሩ። ሁለተኛውን ተረከዝ ስትጀምሩ የመጀመሪያው ትዝታ እጃችሁ ላይ ትኩስ ነው። ከወር በኋላ ቢሆን ኖሮ እንደገና ልትጠይቁኝ ትመጡ ነበር።

ከተረከዝ በኋላ ዙሩ ይቀጥላል። ነጭ፣ ቀይ፣ አዙሩ። አንገቱ ላይ 2 ዓይን ቀጥታ፣ 2 ዓይን ግልባጭ እያደረጋችሁ እንደ ላስቲክ የሚሳብ አድርጉት። የመጨረሻውን መዝጊያ አላሉት። አላሉት ነው የምላችሁ! ያማረ ካልሲ አንገቱ ጠብቆ እግር አልገባ ሲል የሚያናድደውን ያህል የሚያናድድ ነገር የለም። እጃችሁ የሚያጠብቅ ከሆነ ለመዝጊያው ብቻ ወፈር ያለ ኪሮሽ ተዋሱ።

የቀረው ክር ነው። እዚህ ላይ ከናንተ ጋር ትንሽ እጣላለሁ።

ደጋው በበግ ተሞልቷል። የወሎ በግ ፀጉር ሻካራ ነው፣ እውነት ነው፤ ለምንጣፍና ለወፍራሙ የሱፍ ልብስ ለባና የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ግን በግ ሁሉ ገላው ላይ አንድ ዓይነት ፀጉር የለውም። የትከሻውና የአንገቱ ይለሰልሳል፣ የታፋው ይሻክራል። የግልገል የመጀመሪያ ሽልት ደግሞ ከሁሉ ይለሰልሳል። ለምን ሁሉን በአንድ ጆንያ ትከቱታላችሁ? ለዩት። የታፋው ለምንጣፍ፣ የትከሻው ለካልሲ።

አንድ ነጠላ ክር ለካልሲ አይሆንም፣ ተረከዙ ቶሎ ይበሳል። በእንዝርት የተፈተለውን ሁለቱን ደርባችሁ በተቃራኒው አክርሩት። ተረከዝና ጣት ላይ ቀጭን የናይለን ክር አብራችሁ አስገቡ። የፋብሪካው የካልሲ ክርም ብዙ ጊዜ ሩብ ያህል ናይለን አለበት። ይሄ ማጭበርበር አይደለም።

ሱፍ ከክብደቱ ሢሶ ያህል እርጥበት ጠጥቶም እግር ላይ እርጥብ ሆኖ አይሰማም። ፕላስቲክ ጫማ አድርጎ ጠዋት በውርጭ ከብት የሚያወጣ ልጅ ያላችሁ፣ ይህን አስቡት። እግሩ ጫማው ውስጥ ያልባል። የናይለን ካልሲ ላቡን አይመጥለትም፣ የሱፉ ይመጥለታል።

አጠባው በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ ሳይታሽ ነው። ሙቅ ውሃና ማሸት ሱፍን ያኮማትረዋል፤ ለአባት የሠራችሁት ለሕፃን ይሆናል። ለገዢውም ስትሸጡ ንገሩት። ሳትነግሩት ቢበላሽበት ተመልሶ የሚመጣው እናንተ ጋ ነው።

በቃ፣ ወሬ ይብቃ። ጥያቄ ያለው እጁ እየሠራ ይጠይቀኝ። ባለ 100 ኪሮሽ የያዛችሁ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ያልያዛችሁ ሦስት ሦስት ሆናችሁ በዚህ በኩል፤ ኪሮሹ በተራ ይዞራል። ቀይና ነጭ ክር ያልደረሰው ማነው? እማማ፣ እርስዎ እዚህ ፊት ይምጡ፣ ብርሃን አለ። 8 ከላይ፣ 8 ከታች፣ በቀዩ ጀምሩ።